መረሬ አፈርና ኖራ፦ የት ይሠራል፣ የት አይሠራም?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ከተማ ዳር፣ 12 በ20 ሜትር የሆነ የእህል መጋዘንና ከፊቱ 500 ካሬ ሜትር የሚሆን የጭነት መኪና መግቢያ ግቢ ለመሥራት ተዘጋጅቻለሁ። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ጫማ ያወልቃል፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል። አንዱ ተቋራጭ ሁሉንም ሁለት ሜትር ቆፍሬ በገረጋንቲ ካልሞላሁ አልሠራም አለኝ። ሌላው ደግሞ ኖራ በትነን ብንጠቀጥቀው ይበቃል፣ ለመሠረቱም ጥልቅ መቆፈር አያስፈልግም አለኝ። ለማሳ ተብሎ የሚቀርበውን ኖራ በቅናሽ ላገኝ እችላለሁ። ኖራው እውነት ይሠራል? ስንት ያስፈልገኛል? በየትኛው ወር ልጀምር?»

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጥዎ። ኖራ ለግቢዎና ለመጋዘኑ ወለል መደላድል በእርግጥ ይሠራል፤ የመጋዘኑን ኮለኖች ለሚሸከመው መሠረት ግን ምትክ ሊሆን አይችልም። ለማሳ የሚቀርበው ኖራ ደግሞ ለአንዱም አይሆንም፤ በነጻ ቢሰጥዎት እንኳ ለዚህ ሥራ አይውሰዱት። ሁለቱ ተቋራጮች የተናገሩት ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ስህተታቸው ለግቢውም ለመሠረቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት ማዘዛቸው ነው።

በአገራችን መረሬ፣ ዋልካ ወይም ጥቁር አፈር እየተባለ የሚጠራው፣ በአፈር ባለሙያዎች አጠራር ቨርቲሶል የሚባለው አፈር፣ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት እንደሚሸፍን ይገመታል፤ የሞረትና ጅሩ፣ የእንሳሮና የደነባ ሜዳም የዚሁ አካል ነው። ስንዴውንና ጤፉን የሚያበቅለው፣ የጅሩን ሰንጋ የሚያሰባው ይኸው አፈር ቤት ሲሠራበት ጠባዩ የሚከፋው በውስጡ ሞንሞሪሎናይት የተባለው የሸክላ ማዕድን በብዛት ስለሚገኝበት ነው። ይህ ማዕድን እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ንጣፎች የተደራረበ ሲሆን፣ ውሃ በንጣፎቹ መካከል እየገባ ያራርቃቸዋል፤ ሲደርቅም ተመልሰው ይጠጋጋሉ። ክረምት የሚያብጠውና በጋ የሚነቃው በዚህ ምክንያት ነው። የአካባቢዎ ገበሬ ይህን ከመሐንዲሱ በፊት ያውቀዋል፤ በእነዋሪ ማሳ ላይ ከፍ ያለ መደብ በእጅ እየሠራ በመደቦቹ መካከል ውሃውን የሚያንጠፈጥፈው ለዚህ ነው። እኛ ከዚህ በታች የምንለው ነገር ሁሉ በመጨረሻ ወደዚያው ወደ ውሃ ጉዳይ ይመለሳል።

ቤትን የሚሰነጥቀው የአፈሩ ማበጥ ብቻውን አይደለም፤ እኩል አለማበጡ ነው። ቤቱ ከተሠራ በኋላ ከወለሉ መካከል በታች ያለው አፈር ዝናብም ፀሐይም ስለማያገኘው እርጥበቱ ብዙም አይለወጥም፤ ከግድግዳው ሥርና ከማዕዘኖቹ በታች ያለው ግን በየዓመቱ ይረጥባል፣ ይደርቃል። ስለዚህ ዳሩ ሲነሣና ሲወርድ መሐሉ ባለበት ይቆያል፤ ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣው ስንጥቅም የሚመጣው ከዚህ ነው። የእርስዎ መጋዘን ቀላል የቆርቆሮ ጣሪያና የብሎኬት ግድግዳ ያለው ከሆነ አደጋው አይቀንስም፤ እንዲያውም ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ የሚያብጠውን አፈር ተጭኖ ሊይዘው አይችልም።

ኖራ በዚህ አፈር ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ጊዜ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ የሚጀምርና በጥቂት ቀናት የሚያልቅ ነው፦ የኖራው ካልሲየም በሸክላው ቅንጣቶች ላይ ተጣብቀው የቆዩትን እንደ ሶዲየም ያሉ አዮኖች አስወጥቶ ቦታቸውን ይይዛል፣ ቅንጣቶቹን የከበበው የውሃ ሽፋን ይሳሳል፣ ደቃቁ ሸክላም እየተሰባሰበ አሸዋ መሰል ፍርፋሪ ይሆናል። አፈሩ ከጫማ ጋር መጣበቁን የሚያቆመው፣ ሲጨብጡት የሚፈረካከሰው በዚህ ደረጃ ነው። መሐንዲሶች ፒአይ የሚሉት የፕላስቲክነት መለኪያም በዚሁ ጊዜ ይወርዳል። ሁለተኛው ሥራ ግን አዝጋሚ ነው። ኖራው የአፈሩን ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያውን፣ ወደ 12.4 ሲያደርሰው በሸክላው ውስጥ ያለው ሲሊካና አሉሚና መሟሟት ይጀምርና ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ ሲሚንቶ ሲጠነክር ከሚፈጠሩት ጋር የሚቀራረቡ ውሁዶችን ይሠራል። ይህ ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀጥላል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ለውጥ በዓይኑ አይቶ «ሠራ» ብሎ ኖራውን ይቆጥባል፤ ነገር ግን ዘላቂው ጥንካሬ የሚመጣው ከሁለተኛው ነው፤ እሱም ፒኤቹ ከፍ ብሎ እስካልቆየ ድረስ አይካሄድም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ግራ መጋባት አለና ላንሣው። «ኖራማ በፋሲል ግንብ ስንት መቶ ዓመት ቆሟል» የሚል ሙግት ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ቆሟል፤ ነገር ግን በጎንደር ግንብ ድንጋዩን ያያያዘው ኖራ የደረቀው በዋናነት ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ኖራ ድንጋይነት በመመለሱ ነው። በእኛ ሥራ ይኸው አየር ጠላት ነው። ኖራው ከሸክላው ጋር ሳይገናኝ በፊት አየሩ ካገኘው ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ስለዚህ ኖራ ተበትኖ አያድርም፣ ከረጢቱም ተቀዶ አይቀመጥም።

ለማሳ የሚቀርበውን ኖራ አይውሰዱ ያልኩበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የአሲዳማ መሬት ማከሚያ ተብሎ ለገበሬው የሚቀርበው በአብዛኛው ያልተቃጠለ፣ እንዲሁ የተፈጨ ኖራ ድንጋይ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ለሰብል ይጠቅማል፤ የአሲዱን ጠባይ ቀስ ብሎ ያበርዳል። ነገር ግን የአፈሩን ፒኤች ከ8 ብዙም አልፎ ሊያወጣው ስለማይችል እኛ የምንፈልገውን 12.4 በምንም መጠን ቢጨመር አያመጣም። ለግንባታ የሚሆነው በምድጃ የተቃጠለው ኖራ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ከምድጃ ወጥቶ ውሃ ያልነካው ካልሲየም ኦክሳይድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በፋብሪካ ውሃ ጠጥቶ ዱቄት የሆነውና ባለሙያው ሃይድሬትድ ላይም የሚለው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። የቆዳ ፋብሪካዎች ጠጉር ለመግፈፍ፣ የስኳር ፋብሪካዎች የሸንኮራውን ጭማቂ ለማጣራት የሚጠቀሙበት ከዚሁ ወገን ነው፤ ስለዚህ ሲገዙ «ለቆዳ ፋብሪካ የሚሄደው ዓይነት» ብለው ቢጠይቁ ነጋዴው ይረዳዎታል።

ሻጩ የነገረዎትን ማመን የለብዎትም፤ በቤትዎ መፈተን ይችላሉ። ከዱቄቱ አንድ ማንኪያ በሳህን አድርገው ኮምጣጤ ያንጠባጥቡበት። ቡልቅ ቡልቅ እያለ አረፋ ካወጣ ካርቦኔት ነው፤ ወይ የማሳ ኖራ ነው፣ ወይ ተቃጥሎ ከቆየ በኋላ አየር የበላው ነው። ንጹሕ ሃይድሬትድ ኖራ አረፋ አያወጣም ማለት ይቻላል። ውሃ ያልነካው ኖራ ከሆነ ደግሞ ትንሽ ውሃ ሲያገኝ ይግላል፣ ይንሾካሾካል፣ እየፈረሰም ዱቄት ይሆናል፤ ይህን ፈተና በብረት ዕቃ፣ ፊትዎን አርቀው፣ በጣም በትንሹ ያድርጉት።

ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ቢሉኝ ለእርስዎ ሃይድሬትዱን እመርጣለሁ። ውሃ ያልነካው ኖራ በኪሎ ሲሰላ የበለጠ ጉልበት አለው፤ 56 ኪሎ ካልሲየም ኦክሳይድ 18 ኪሎ ውሃ ጠጥቶ 74 ኪሎ ሃይድሮክሳይድ ስለሚሆን፣ ሙቀቱም ጭምር እርጥብ አፈርን ፈጥኖ ያደርቃል። ለመንገድ ሥራ፣ ሠልጣኝ ሠራተኛና ዝግ ማሽን ላለው ድርጅት መልካም ነው። በቀን ሠራተኛ እጅ በሚበተንበት ግቢ ግን የሚያቃጥል ነገር ማስገባት አልመክርም።

አሁን ወደ መጠኑ። ብዙ ጊዜ ለእንዲህ ያለ አፈር የሚያስፈልገው ኖራ ከደረቅ አፈሩ ክብደት ከ4 እስከ 8 በመቶ ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ የእርስዎን ቁጥር የሚነግርዎት ግን የእርስዎ አፈር ነው። ኢድስና ግሪም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረቡት ፈተና እስከ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ሲሆን፣ ማንኛውም ፒኤች ሜትር ያለው ላቦራቶሪ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። የደረቀና የተነፋ 25 ግራም አፈር በየጠርሙሱ ተደርጎ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 በመቶ እየተባለ ኖራ ይጨመርበታል፤ ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ገብቶ ለአንድ ሰዓት በየአሥር ደቂቃው ይናጣል፤ በመጨረሻም ፒኤቹ ይለካል። ፒኤቹን 12.4 ያደረሰው ዝቅተኛው መጠን የመነሻ ቁጥርዎ ነው። ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። ፈተናው የሚደረገው በሚገዙት በዚያው ኖራ ይሁን፤ የኖራው ንጽሕና ዝቅ ያለ ከሆነ ቁጥሩ ራሱ ከፍ ብሎ ያሳየዎታል። ሌላው፣ 12.4 የሚለው ቁጥር ለ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተሰጠ ነው። ውሃው ሲቀዘቅዝ ኖራ የጠጣ ውሃ የሚያሳየው ፒኤች ከዚያ ከፍ ስለሚል፣ በደብረ ብርሃን ጠዋት በቀዘቀዘ ክፍል 12.4 የተነበበ ፈተና ኖራው በቂ ነው አያሰኝም። ላቦራቶሪው ናሙናውን ወደ 25 ዲግሪ አምጥቶ ይለካ፣ ወይም ንባቡን በሙቀት ያስተካክል።

የፒኤች ፈተናው የኖራውን መጠን እንጂ ጥንካሬውን አይነግርዎትም። በተገኘው መጠንና ከእሱ አንድ በመቶ ከፍ አድርገው ናሙና አስጠቅጥቀው፣ ሳይደርቅ ተሸፍኖ እንዲቆይ አድርገው፣ ከዚያ ለአራት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ሲቢአር የተባለውን የመሸከም አቅም መለኪያ ያስለኩ። እንዲህ ያለ መረሬ ተዘፍዝፎ ሲለካ ብዙ ጊዜ ከ3 በታች ይወጣል፤ ይህም በመንገድ ዲዛይን የመጨረሻው ዝቅተኛ መደብ ነው። በሚገባ በኖራ የታከመው ወደ 15ና ከዚያ በላይ መድረሱ የተለመደ ነው። የእርስዎ ናሙና ከ15 በታች ከሆነ መጠኑን ወይም ኖራውን እንደገና ማየት ያስፈልጋል።

ለጊዜው 5 በመቶ ወጣ እንበልና ግምቱን እንሥራ። አንድ ንብርብር ተጠቅጥቆ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረውና ደረቅ ክብደቱ በሜትር ኩብ 1350 ኪሎ ቢሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ 270 ኪሎ ደረቅ አፈር አለ፤ የዚህ 5 በመቶ 13.5 ኪሎ ኖራ ነው። ለ500 ካሬ ሜትር ግቢዎ 6750 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 25 ኪሎ ከረጢት ከሆነ 270 ከረጢት ማለት ነው። ሲኖትራክ የሚገባበት ግቢ ስለሆነ ሁለት ንብርብር እንዲሆን እመክራለሁ፤ ስለዚህ እጥፉን ይያዙ። ይህን ከሌላው አማራጭ ጋር ያስተያዩት፦ ግቢውን አንድ ሜትር ብቻ ቢያስቆፍሩ 500 ሜትር ኩብ ይወጣል፤ ሲላላ ስለሚነፋ 640 ገደማ ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ 40 ምልልስ ነው፤ ያንኑ ያህል ወይም የበለጠ ገረጋንቲ ተመልሶ ይገባል። የተቆፈረውን ጥቁር አፈር የሚደፉበት ቦታም ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። የገረጋንቲ ካባው ከግቢዎ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ሒሳቡ ወደ ተቋራጩ ሊያደላ ይችላል፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ኖራው ያሸንፋል።

አሠራሩ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ ምክንያቱም ያየኋቸው ውድቀቶች አብዛኞቹ በመጠን ሳይሆን በአሠራር የመጡ ናቸው። «ኖራ መበተን» የሚለው አነጋገር ራሱ ያሳስታል። ኖራ ይበተናል እንጂ በመበተን አይሠራም፤ የሚሠራው በመደባለቅ ነው። በአንድ ወቅት በዚሁ በሰሜን ሸዋ አንድ ግቢ ለማየት ተጠርቼ ነበር። ኖራው በቂ ነበር፣ ሮሎውም ከባድ ነበር፤ ነገር ግን ጡጫ በሚያህል ጓል ላይ ተበትኖ በዚያው ቀን ተጠቅጥቆ ነበር። ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ ሲቆፈር እያንዳንዱ ጓል ከላይ ነጭ ልባስ፣ ከውስጥ ያው ጥቁር መረሬ ሆኖ ተገኘ። ውሃው በነጩ ስንጥቅ እየገባ ጥቁሩን ልብ አግኝቶታል። ባለቤቱ «ኖራ አይሠራም» ብለው ተናገሩ፤ እኔ ግን ኖራው ሥራውን እንዲሠራ ዕድል አልተሰጠውም ባይ ነኝ።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሣርና ሥር ያለበት የላይኛው አፈር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ይነሣ። የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ያለበት አፈር የኖራውን ሥራ ያሰናክላል፤ ግቢው ቀድሞ የከብት በረት ከነበረ ከዚያም በላይ ጠልቆ መነሣት አለበት። ቀጥሎ አፈሩ በግሬደር ጥርስ ይፈለፈላል። ለመደባለቅ የመንገድ ሥራ ማሽን ካላገኙ አይጨነቁ፤ በእርሻ ትራክተር የሚጎተት መከስከሻ ወይም ሮታቫተር፣ ደጋግሞ ከሄደበት፣ ለግቢ የሚበቃ ሥራ ይሠራል። ይህ እንዲያውም የአካባቢዎ ጥቅም ነው፤ በጅሩ ሜዳ ትራክተር ይከራያል። ኖራው በገመድ በተሸነሸነ አራት ማዕዘን፣ ከላይ ባለው ሒሳብ አንድ ከረጢት ለ1.85 ካሬ ሜትር እየተባለ ተቆጥሮ ይዘርጋ፤ በአካፋ በግምት አይወረወር። ከዚያ ውሃ በቦቴ እየተረጨ ይደባለቅ። ከመጀመሪያው ድብልቅ በኋላ ቀለል አድርገው በሮሎ ገጹን ይዝጉትና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን እርጥበቱን እንደያዘ ይተዉት። በዚህ ጊዜ ኖራው ጓሉን ይፈረካክሰዋል፤ መጀመሪያ ቀን መዶሻ ያስፈለገው ጓል በሦስተኛው ቀን በጣት ይደቅቃል። ከዚያ እንደገና ይደባለቅ። ለመጠቅጠቅ ደርሷል የሚባለው ጓሉ በሙሉ 25 ሚሊ ሜትር ወንፊት ሲያልፍና ቢያንስ 60 በመቶው በ4.75 ሚሊ ሜትር ወንፊት ሲወርድ ነው። ድንጋይ ካለበት ድንጋዩ አይቆጠርም።

ስለ መጠቅጠቁ ተቆጣጣሪዎን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ኖራ የገባበት አፈር ከቀድሞው የበለጠ ውሃ ይፈልጋል፣ ሲጠቀጠቅም የሚደርስበት ክብደት ከቀድሞው ያነሰ ነው። ላቦራቶሪው ኖራ ያልገባበትን መረሬ ፈትኖ በሰጠው ቁጥር የሚለካ ሰው ጥሩ ሥራን «አልተጠቀጠቀም» ብሎ ያፈርሳል፤ ወይም ያንን ቁጥር ለማግኘት ሲል አፈሩን አድርቆ ያሠራል፤ ይህ ደግሞ ኖራው የሚፈልገውን ውሃ ይነፍገዋል። አፈሩ ሲጠቀጠቅ የሚደርስበትን ክብደት የሚለካው፣ ፕሮክተር የሚባለው ፈተና ኖራ ገብቶበት፣ በሜዳው ላይ የሚቆይበትን ያህል ጊዜ ከቆየ ናሙና ይወሰድ፤ በሜዳም የዚያ 95 በመቶ ይጠበቅ። ከሥር ጥርስ ባለው ሮሎ ጀምሮ በለስላሳው መጨረስ ይመረጣል። ከተጠቀጠቀ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ገጹ እንዲደርቅ አይተዉት፤ ጠዋትና ማታ ውሃ ይረጭ፣ ወይም የሁለተኛው ንብርብር አፈር ወዲያው ይልበስበት። በኖራ የታከመ አፈር ጎማ የሚፈጭበት ገጽ አይደለምና ከሁለቱ ንብርብር በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ ይኑርበት።

በየትኛው ወር ልጀምር ያሉት ጥያቄ ለእናንተ አካባቢ ከሌላው ይልቅ ከባድ ነው። እነዋሪ ከባሕር ጠለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ሁለተኛውና ጥንካሬ የሚሰጠው የኖራ ሥራ ደግሞ ሙቀት ይወዳል፤ ከ10 ዲግሪ በታች በጣም ይዘገያል፣ ከ4 ወይም 5 ዲግሪ በታች ቆመ ማለት ይቻላል። ቀን ላይ ፀሐይ ስላለ አፈሩ ውስጡ ከአየሩ ይሻላል፤ የቆመውም ሥራ ሙቀት ሲመለስ ይቀጥላል እንጂ አይጠፋም። ነገር ግን አዲስ የተጠቀጠቀ ገጽ ሌሊት ውርጭ ካገኘው ይላላል። በሌላ በኩል ብዙ ከዘገዩ የበልግ ዝናብ ሊመጣብዎት ይችላል። ጥቅምት ላይ አፈሩ ገና ጭቃ ነው፣ ጥር ላይ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የላይኛውን አፈር ማንሣቱን፣ ቦዩንና ፍልፈላውን እርጥበቱ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ በኅዳር ይጨርሱ፤ ኖራውን ከጥር አጋማሽ በኋላ ያስገቡ፤ የካቲት ሳያልቅ ገረጋንቲውን ያልብሱ። በመካከል አንድ ዝናብ ቢጥል አይደንግጡ፤ ገጹ በሮሎ ከተዘጋ ውሃው ይፈስሳል።

አሁን ወደ መሠረቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሁለተኛው ተቋራጭ ያሉትን አልቀበልም። በሜዳ ላይ በመደባለቅ የሚታከመው አፈር 40 ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ንቃቃቱ ግን ከአንድ ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል፤ የሚያብጠውም አፈር ከታከመው በታች ነው። ከላይ የጠነከረ ሰሌዳ ሠርተው ሰሌዳው ራሱ ከሥር ሲነሣ ምን ይጠቅምዎታል? ለኮለኖቹ ቢያንስ በሁለት ቦታ የፍተሻ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። የፈረሰ ባዛልት ወይም ቀለሙ የተለወጠ፣ የማይነቃ አፈር እስከሚገኝ ይውረዱ፤ ፉቲንጉ፣ ማለትም የኮለኑ ሰፊ እግር፣ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዘው ግሬድ ቢም ከመረሬው ጋር እንዳይነካካ ከሥሩ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተውለት፤ አለዚያ አፈሩ ሲያብጥ ፉቲንጉ ባይነሣም ቢሙን ከሥር ይሰብረዋል። ወለሉ ከኮለኑና ከግድግዳው ተለይቶ ለብቻው ይንጠፍ፣ ከሥሩም ሁለት ንብርብር በኖራ የታከመ አፈርና ሰለክት የሚባለው የተመረጠ ሙሌት ይግባበት። የእህል ጆንያ ሲደረደር ወለሉ ላይ የሚያርፈው ጭነት ቀላል አይደለምና ይህን አይናቁት። የመረሬው ውፍረት በፍተሻ ጉድጓዱ ከአንድ ሜትር ተኩል ያነሰ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ለመጋዘኑ ሥር ብቻ ሙሉ በሙሉ ማውጣቱ ይቀላል፤ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ተቋራጭ ትክክል ይሆናሉ።

ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ሁለት ሜትር ተቆፍሮ በገረጋንቲ መሙላት ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ገረጋንቲ ውሃ ያሳልፋል፤ መረሬ አያሳልፍም። ስለዚህ በመረሬ መካከል የተቆፈረና በገረጋንቲ የተሞላ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ገንዳ ነው፤ የጣሪያውም የግቢውም ውሃ እዚያ ይጠራቀምና ከሥር ያለውን ያልተነካ መረሬ ዓመቱን ሙሉ ያጠጣዋል። እንዲህ የሚሞላ ካለ ከጉድጓዱ ዝቅተኛ ጥግ ውሃ ወደ ውጭ የሚያወጣ መስመር ይኑረው። በማንኛውም መንገድ ቢሠሩ አሸንዳ ሳይሰቀል፣ የአሸንዳውም ውሃ በቦይ ከቤቱ ሳይርቅ አይክረሙ። በቤቱ ዙሪያ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ወደ ውጭ ያዘነበለ የኮንክሪት ንጣፍ ይሥሩ። ባሕር ዛፍ በአጥሩ ላይ ካለ ከግድግዳው የቁመቱን ያህል ይራቅ፤ በቅርቡ የቆረጡት ከሆነም ሥሩ አድርቆት የቆየው አፈር መልሶ ውሃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ አንድ ክረምት ማሳለፍ ይበጃል።

ከባዛልት ላይ የተፈጠረው የሜዳው መረሬ በአብዛኛው በኖራ ለመታከም የተመቸ ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው ቦታዎ ወደ ጀማ ወንዝ ገደል የሚወርድ ከሆነ ነው። በዓባይና በገባሮቹ ሸለቆዎች ውስጥ ከኖራ ድንጋዩ በታች የጂፕሰም ድንጋይ አለ፤ ጎሃ ጽዮን አካባቢ ይህ ድንጋይ በግልጽ ይታያል። ጂፕሰም ሰልፌት ነው፤ ኖራና ውሃ ሲያገኝ ከሸክላው አሉሚና ጋር ተዋሕዶ ኤትሪንጋይት የተባለ ክሪስታል ይሠራል፤ ይህም ከመረሬው ራሱ በባሰ ሁኔታ ያብጣል። ከሸለቆ ወጥቶ የመጣ ሙሌት ወይም በአፈሩ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነጭ ፍንጣቂ ካዩ ሰልፌቱን ያስለኩ። ከ0.3 በመቶ በታች ከሆነ ሥጋት የለውም፤ ወደ አንድ በመቶ ከደረሰ ኖራውን ይተዉት።

ለሠራተኞቹ መነጽር፣ ጓንት፣ ረጅም እጅጌና ሽፍን ጫማ ይግዙላቸው፤ ሃይድሬትዱም ቢሆን ከላብ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ያጠፋል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከቦቴው ሌላ ንጹሕ ውሃ በጀሪካን በአጠገብ ይቀመጥ። የደጋው ነፋስ ከረፋድ በኋላ ይበረታልና ኖራው በጠዋት፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ ተቆሞ ይዘርጋ፤ ዕለቱን ለጎረቤት አስቀድመው ይንገሩ።

ሥራው ሲያልቅ መፈተሻው ቀላል ነው። በየ100 ካሬ ሜትሩ አንድ ትንሽ ጉድጓድ ያስቆፍሩና በጎኑ ላይ ፊኖልፍታሊን የተባለውን ፈሳሽ ይርጩበት። ኖራው የደረሰበት ሁሉ ወዲያው ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል፤ ጥቁር ሆኖ የቀረው አልታከመም። ቀለሙ በእያንዳንዱ ንብርብር 20 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ ከተቆረጠ ወይም ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ ያ ክፍል ገረጋንቲ ሳይለብስ እንደገና ይደባለቅ። ይህ ፈሳሽ ኖራ መኖሩን እንጂ ጥንካሬውን አያሳይም፤ ለጥንካሬው ከ28 ቀን በኋላ ዲሲፒ በሚባለው፣ እየተመታ ወደ አፈሩ በሚገባው የመለኪያ ዘንግ ያስወጉት። በቀዝቃዛ ወር ከጠቀጠቁ 28 ቀን ላይበቃ ይችላል፤ ዘንጉ በቀላሉ የሚወርድ ከሆነ ሌላ ወር ይጠብቁና ደግመው ያስወጉት፤ የመጀመሪያው የተጫነ መኪና እስከዚያው ከበሩ ውጭ ያራግፍ።